በማና ታሲንግ ቤት የበላነው ምሳ

እህቴ ሮዌና ወደ ሚላን የሄደች ቀን ምሳ የበላነው አሬቫሎ በሚባለው የባሕር ዳርቻ፣ ማና ታሲንግ ምግብ ቤት ነው። የጎርፉ ዓመት ነበር። በሰኔ ወንዙ ሰፈራችንን ጃሮን ሞልቶ ቤታችንን እስከ መስኮቱ ጭቃ አለበሰው። ሁለቱን የልብስ ስፌት መኪናዎቼን ዝገት በላቸው። ባለቤቴ ዲኖ ሰው እያመላለሰ የሚተዳደርበትን ጂፕኒ ደግሞ ውኃው ገልብጦ ድልድይ ሥር ወሸቀው። የተረፈን ነገር ቢኖር የቤቱ ምሰሶና ነፍሳችን ነው።

ሮዌና ያኔ ሃያ አራት ዓመቷ ነበር። ከእኛ ጋር ነው የምትኖረው፤ የልጇ አባት ልጅቷ ሳትወለድ ለሥራ ብሎ ወደ ሚንዳናው ደሴት እንደተሻገረ በዚያው ቀረ። ሰፈራችን ጭቃውን ገና ጠርጎ ሳይጨርስ አንድ ደላላ መጣና ሚላን ውስጥ አሮጊት የሚያስታምም ሰው ይፈለጋል አለ። ዕድሜ ከሠላሳ በታች፣ ጤና ሙሉ፣ ትዕግሥት ያላት። ማን ይሂድ ብለን አልተከራከርንም። እኔ ሠላሳ ሰባት ሞልቶኛል።

ችግሩ ልጅቷ ነበረች። ቴያ ሁለት ዓመት ከአራት ወሯ ነው፤ ገና ጡት አልተወችም። እናቷ ለሱቅ እንኳ ስትወጣ በሩ ላይ ተለጥፋ የምታለቅስ ልጅ ናት። አውሮፕላን ማረፊያ ይዘናት ብንሄድ ምን እንደሚሆን ሁላችንም ስለምናውቅ ማንም ደፍሮ አላነሳውም።

ዘዴውን ያመጣሁት እኔ ነኝ። ይህን ከመጀመሪያው ብናገር ይሻላል፤ ኋላ ሰው ሲጠይቅ "ተመካክረን ነው" እያልኩ ብዙ ዘመን ኖሬያለሁና። ቴያ የተጠበሰ የዶሮ ቆዳ ካገኘች ሌላው ነገር ትዝ አይላትም። እና ማና ታሲንግ ቤት እንውሰዳት አልኳት ሮዌናን። ስትበላ አንቺ እጄን ልታጠብ ብለሽ ተነሺ፤ በኩሽናው በኩል ውጪ፤ ደላላው መኪናውን ከጀርባ ያቁም፤ ሻንጣሽን ጠዋት ዲኖ ያደርስልሻል። ልጅ እኮ ይረሳል፣ በሳምንቱ ይረሳል አልኳት።

ሮዌና ሁለት ቀን አላነጋገረችኝም። በሦስተኛው ቀን የቴያን ልብስ እያጠበች ሳለ ቀና ሳትል "እሺ፣ ማናንግ" አለችኝ። ታላቋ ስለሆንኩ ፌሊሳ ብላ በስሜ ጠርታኝ አታውቅም።

ቀኑ ብራ ነበር። ባሕሩ ሸሽቶ ከጊማራስ ደሴት በኩል ነፋስ ይነፍሳል። ከቀርከሃ ዳሶቹ አንዱን ያዝን፣ ለባሕሩ የቀረበውን። ማና ታሲንግ ቤት ሹካ የሚባል ነገር የለም፤ የሙዝ ቅጠል ይነጠፋል፣ ሩዙ ይከመራል፣ ሰው በእጁ ይበላል። ታላባ የሚባለው ቅርፊታም የባሕር ምግብ በባልዲ መጣልን፤ ዲኖ ቅርፊቱን በቢላዋ እየፈለቀቀ፣ ቃሪያ የተዘፈዘፈበት ኮምጣጤ እያንጠባጠበ ያቀብለናል። ዶሮው በጠጅ ሣር ተቀብቶ ከሰል ላይ የዋለ ነው። ጎምዛዛው የቅልጥም ሾርባ፣ ካንሲም አለ። ለስንብት ብለን ከአቅማችን በላይ ነው ያዘዝነው።

ዲኖ ዝምታ አይወድም። ዝም ካልን እንደምናለቅስ ስለገባው አፉን አላሳረፈም። "ዌና፣ ሚላን ስትደርሺ አንድ ኳስ ተጫዋች አግቢ" አላት። "ከተቻለ አጥቂ ይሁን። በረኛ እንዳታመጪ፣ በረኛ የያዘውን አይለቅም።" ሮዌና ሳቀች። ሳቋ መሃል ላይ ተሰበረና ሳል አስመስላ ሸፈነችው።

እሷ ምንም አልበላችም። ሩዙን በሦስት ጣቷ እየጠቀለለች፣ ዶሮውን ከአጥንቱ እየለየች ቴያን ታጎርሳለች። ቆዳውን ለመጨረሻ አቆየችው። በመጨረሻ ሦስት የዶሮ ቆዳ ቅጠሉ ላይ አስቀመጠችላትና ጣቷን አንድ በአንድ ላሰች። ለመታጠብ የተነሳ ሰው ጣቱን አይልስም፤ ይህን ያን ጊዜም አስተውያለሁ።

"እጄን ልታጠብ" አለቻት።

ቴያ ቀና አላለችም። "ቶሎ ነይ" አለች አፏ እንደሞላ።

"እሺ።"

ሮዌና ወደ ኩሽናው ሄደች፤ በሩን ገፍታ ገባች። እኔ ልቤን ይዤ ተቀመጥኩ። አሁን መኪናው ተነሳ፣ አሁን መንገዱን ያዘ እያልኩ በልቤ ስቆጥር በሩ መልሶ ተከፈተ። ሮዌና ናት። ቦርሳዋን ደረቷ ላይ አቅፋ ቆማለች። ቴያ ጀርባዋን ሰጥታታለች፤ ዲኖም ባልዲው ላይ አቀርቅሯል። ያየኋት እኔ ብቻ ነኝ። ፊቷ እንባ በእንባ ሆኗል። አልተራመደችም፤ እኔን ነው የምታየው። አፏ ሳይናገር በዐይኗ ልመለስ ወይ አለችኝ። ትንሽ ልጅ ሳለች ጎረቤት ሄዳ ለመጫወት ፈቃድ ስትጠይቀኝ እንደዚያ ነበር የምታየኝ።

እኔ እጄን አነሳሁ። በእጄ ጀርባ፣ ዶሮ ከስጥ ላይ እንደሚያባርር ሰው፣ ሂጂ አልኳት።

ሄደች።

ቴያ ቆዳዋን ጨርሳ ዞረች። እናቷን ስታጣ መጀመሪያ አላለቀሰችም። ከወንበሯ ወርዳ ወደ መታጠቢያው ሄደችና አየች። ከዚያ ዳሶቹን አንድ በአንድ ዞረች። ቁመቷ ስለማይደርስ የሰዎቹን ፊት ሳይሆን ከጠረጴዛ ሥር እግራቸውን ነበር የምታየው፤ የእናቷን ጫማ ፍለጋ። ሰዎቹ "ምን ጠፋብሽ፣ ኢንዳይ፣ አንቺ ትንሿ?" እያሉ ይስቁላታል። መጨረሻው ዳስ ስትደርስ ነው ጩኸቷን የለቀቀችው። ዲኖ ተሸክሟት ባሕሩ ዳር ለዳር ሄደ፣ መጣ፣ ሄደ። ማና ታሲንግ የተረፈውን ምግብ በቅጠል ጠቅልላ ሰጠችኝ፤ ዐይን ዐይኔን ግን አላየችኝም።

በማግስቱ ጠዋት ቴያ ከእንቅልፏ ስትነቃ አጠገቧ እኔ ነበርኩ። ዐይኗን ሳትገልጥ በእጇ ደረቴን ፈለገች። እኔ ሦስት ጊዜ ፀንሼ ሦስቱም አልቆዩልኝም፤ ጡቴ የሕፃን እጅ አያውቅም። አገላብጣ ዳበሰችኝና የሚጠባ ነገር አለመኖሩ ሲገባት እጇን መልሳ ጉንጯ ሥር አደረገች። አለቀስኩ። ግን እውነቱን ልናገር ካልኩ፣ ከእንባው ጋር ሌላም ነገር ነበር፤ ደስ ብሎኛል። አሁን የእኔ ናት የሚል ነገር በሆዴ አለፈ።

ልጅ ይረሳል ያልኩት ግማሹ እውነት ሆነ። በወሩ የእናቷን ስም መጥራት ተወች፤ በስድስተኛው ወር እኔን ናናይ፣ እናቴ ማለት ጀመረች። አላረምኳትም። አንድ እሑድ ሮዌና በስልክ ሰማቻት፤ ከወዲያ "ናናይ፣ ስልክ ነው!" ብላ ስትጠራኝ። ሮዌናም ጃሮ ዝናብ እንዴት ነው ብላ ጠየቀችኝ።

ያልረሳችው ግን ነበር። ምግብ ቀርቦ ሰው ከጠረጴዛ ከተነሳ ቴያ ትነሳለች። ጨው ላመጣ ብነሳ ቀሚሴን ይዛ ትከተለኛለች። ዲኖ ስልክ ሊያናግር ቢወጣ ጉርሻዋን በአፏ ይዛ፣ ሳታኝክ፣ እስኪመለስ በሩን ታያለች። የስድስት ዓመት ልጅ ሆናም እንደዚያው ናት። ስለዚህ ሁሉን ነገር አስቀድመን አቅርበን ነበር የምንቀመጠው፤ ጨዉን፣ ውኃውን፣ የእጅ መታጠቢያ ሳህኑን ጭምር። ምግብ ቤት ወስደናት አናውቅም። የጃሮ እመቤታችን በዓል ሲመጣ ሰፈሩ ሁሉ ውጭ ሲበላ እኛ ቤታችን እንበላለን። ፌሊሳን አሳጥሮ ኢሳ የሚለኝ ዲኖ ለሰው ሲናገር "የኢሳ እጅ እያለ ማን ውጭ ይበላል" ይላል። ጥሩ ሰው ነው።

ሮዌና ሚላን የመኖሪያ ወረቀት ሳይኖራት ስምንት ዓመት ኖረች። ከወጣች መመለስ የለም። የምታስታምማቸው አሮጊት ሞቱ፣ ሌላ ያዘች፣ እሳቸውም ሞቱ። ቤቱን በብሎኬት አሠራችው፤ ለዲኖ ጂፕኒ ገዛችለት፤ ለእኔ በኤሌክትሪክ የሚሠራ የስፌት መኪና። በየገናው አንድ ትልቅ ካርቶን ይመጣል፤ ቸኮሌት፣ ሳሙና፣ ለቴያ ጫማ። ጫማው ሁልጊዜ በአንድ ቁጥር ያንሳል። እኔ ቁጥሩን እነግራታለሁ፤ ግን ካርቶኑ በባሕር ሦስት ወር ሲጓዝ የልጅቷ እግር ይቀድመዋል።

በዘጠነኛው ዓመት ወረቀቷ ወጣና መጣች። አውሮፕላን ማረፊያ ልንቀበላት ሄድን። ቴያ አሥራ አንድ ሊሞላት ነው፤ ቀጭን፣ ረጅም፣ የእናቷ ግንባር ያላት። ሮዌና ሻንጣዋን ጥላ ስትሮጥ ቴያ ቀኝ እጇን ዘረጋች፣ ለመምህር እንደሚደረገው። የሮዌናን እጅ ይዛ የራሷን ግንባር አስነካችውና "ደህና መጡ፣ ማማ" አለች። በአንቱታ። ሮዌና ያዘጋጀችውን እቅፍ የት እንደምታደርገው ጠፋት፤ መጨረሻ ላይ እኔን አቀፈችኝ።

በሦስተኛው ቀን ማና ታሲንግ ቤት እንብላ አለች። ደነገጥኩ። ሌላ ቦታ አለ፣ ከተማው እኮ በምግብ ቤት ተጥለቅልቋል አልኳት። እሷ ግን ሚላን ውስጥ በረዶ ሲጥል አልጋዋ ላይ ሆና የምታስበው የዚያን ቤት ዶሮ ሽታ ነው አለችኝ። ዲኖ በኋላ ለብቻዬ "ተዪያት፣ ሰው የወደቀበትን ቦታ ተመልሶ ማየት ይፈልጋል" አለኝ።

ቴያ እሄዳለሁ ወይም አልሄድም አላለችም። ፀጉሯን ወደ ኋላ አስይዛ፣ የበዓል ቀሚሷን ለብሳ መጣች።

ማና ታሲንግ አርጅታለች፤ በምርኩዝ ነው የምትሄደው። ሮዌናን አየት አድርጋ "አንቺ! ወፍረሻል" አለቻት። "ጣሊያኖቹ በምን ቢቀልቡሽ ነው?" ሮዌናም "በፓስታ፣ ማና። የእርስዎን ሩዝ እስክበላ ነው" ስትላት ሁላችንም ሳቅን፤ ለጊዜው ቀለል አለን። ዲኖ ቢራ አዘዘ። ሮዌና ሌላውን ሁሉ አዘዘች፤ ዶሮ፣ ታላባ፣ በኮኮናት ወተት የተሠራ ሸርጣን፣ አንድ ትልቅ ትሪ ሽሪምፕ።

ሮዌና ለልጇ ተቃርባ ተቀመጠች። ሽሪምፑን አንሥታ ራሱን ቆረጠች፣ ቅርፊቱን ላጠች፣ ሆዱን አጸዳች፣ ከሩዝ ጋር ጠቀለለችና "በይ፣ የኔ ልጅ" ብላ አጎረሰቻት። ማለት፣ ልታጎርሳት እጇን ዘረጋች።

ቴያ ፊቷን ትንሽ ወደ ኋላ አደረገች። "ይቅርታ፣ ሽሪምፕ አልበላም። ፊቴ ያብጣል።"

"ከመቼ ጀምሮ?"

"ከአራት ዓመቴ ጀምሮ" አለች ቴያ። ክፋት የለባትም፤ የተጠየቀችውን ነው የመለሰችው።

ሮዌና ዞራ እኔን አየችኝ። በስልክ እንዴት አልነገርኳትም? አላውቅም። ሆስፒታል ሮጠን ያደርንበት ጊዜ ነው፤ እንዳላስጨንቃት ብዬ ነበር መሰለኝ። ወይም አንዳንድ ነገር እኔ ብቻ የማውቀው እንዲሆን ፈልጌ። ጉርሻዋ እጇ ላይ ቀረ። ዲኖ አፉን ከፍቶ አንገቱን አሰገገና "እኔ ላይ ምንም አያብጥም፣ ወዲህ በያት" አላት። አጎረሰችው። ማንም አልሳቀም።

ከዚያ ነው የመጣችበትን ነገር የተናገረችው። ወረቀቷ ልጅ ያስወስዳል። ትምህርት ቤት አይታለች፤ ሁለት ክፍል ያለው ቤት ተከራይታለች፤ አንደኛውን ክፍል በቢጫ ቀለም አስቀብታዋለች። ይህን ሁሉ ስትናገር እየተጣደፈች ነው፤ ሰው እንዳያቋርጣት የፈራች ትመስላለች። ለእኔም አስቀድማ አልነገረችኝም። እጄ ሩዙ ላይ ቀረ።

ቴያ አዳምጣ ስትጨርስ "አመሰግናለሁ፣ ማማ። ግን እኔ እዚሁ ይሻለኛል" አለች።

"ለምን? ጓደኞችሽን ነው? እዚያም እኮ የኛ ሰው ብዙ ነው።"

"እንዲሁ።"

"ንገሪኝ፣ አልቆጣሽም።"

ቴያ ጣቷን በቅጠሉ ጠርዝ ጠረገች። ድምፅዋን ከፍ አላደረገችም። "እጄን ልታጠብ ብለው ነው የተነሱት" አለች። "እኔ ቶሎ ይምጡ ብዬ ነበር። ስምንት ዓመት ሙሉ እጅ አይታጠብም።"

ያን ቀን ማስታወሷን ማናችንም አናውቅም ነበር። ሁለት ዓመት ከአራት ወር! ዲኖ ቢራውን አስቀመጠ። ሮዌና ተነሳች፤ ለመሄድ ሳይሆን መቀመጥ ስላቃታት። ወደ ባሕሩ ወረደች። ቴያ በዐይኗ ተከተለቻት፣ ግን አልተነሳችም። እኔ ተከትያት ወረድኩ።

እርጥቡ አሸዋ ላይ ጫማዋን እንኳ ሳታወልቅ ቆማለች። አጠገቧ ቆሜ "ልጅ ናት፣ ያለችውን አታውቅም" አልኳት።

"ታውቃለች" አለች። "ትክክል ናት።" ከዚያ ወደ ባሕሩ እንደዞረች "ማናንግ፣ ያን ቀን እኮ ተመልሼ ነበር" አለችኝ።

"አውቃለሁ።"

"በእጅሽ ነይ ብትዪኝ ኖሮ እቀመጥ ነበር። ደላላውን አላስበውም፣ ቤቱን አላስበውም። እግሬ ያን ቀን የራሴ አልነበረም፤ ሰው የነገረውን ነበር የሚያደርገው።"

"አውቃለሁ፣ ዌና።"

"ስምንት ዓመት ሙሉ በየስልኩ ልጠይቅሽ አስብና እተወዋለሁ። ለቤቱ ብለሽ ነው? ወይስ…" አልጨረሰችውም። ደግነቷ ነው ያላስጨረሳት።

ዋሸኋት። ዐይኔን በጨው አጥቤ ለቤቱ ነው አልኳት፤ ለሁላችንም ብዬ ነው አልኳት። ራሷን ነቀነቀች። ትመነኝ አትመነኝ እንጃ።

"ለልጅቷ ለምን አልነገርሻትም?" ስል ጠየቅኳት። "ተመልሻለሁ፣ አክስትሽ ናት ሂጂ ያለችኝ ብትያት ኖሮ…"

"ከዚያስ?" አለች። "ሁለታችንንም ትጣ? ከሁለታችን አንዳችንን እንኳ ሳትጠራጠር ትውደድ ብዬ ነው።"

እህቴን ያሳደግኳት እኔ ነኝ። እናታችን ስትሞት የስድስት ዓመት ልጅ ነበረች። ያን ቀን አሸዋው ላይ ግን እኔ አነስኩ፤ ከእሷ ፊት የቆምኩት እንደ ልጅ ነው።

ሮዌና የመጣችው ለአንድ ወር ነው። ሁለት ሳምንት እንዲሁ አለፈ። እናትና ልጅ አንድ ቤት ውስጥ እንደ እንግዳ ይከባበራሉ፤ አንዷ ስትገባ ሌላዋ መንገድ ትለቃለች። እኔ ደግሞ ማሸነፌ ታየኝ። ዝም ካልኩ ልጅቷ የእኔ ናት። ይህን እያሰብኩ ጨርቅ ስቆርጥ መቀሱ ሁለት ጊዜ መስመር ሳተብኝ። ለዲኖ ነገርኩት፤ ስለ እጄ ምልክት ለመጀመሪያ ጊዜ። እሱም "ኢሳ፣ ይህ ነገር እኔ የምፈርደው አይደለም። ለሚመለከታት ንገሪ" አለኝ። በዚያ ቀን ሌላ አላነጋገረኝም።

ቅዳሜ ጠዋት ቴያን ላ ፓስ ገበያ ይዣት ሄድኩ፣ ሁለታችን ብቻ። ገበያው ውስጥ ባቾይ የሚሸጡ ጠባብ ቤቶች አሉ፤ ጉበትና መቅኔ ያለበት የኑድል ሾርባ ነው። ከልጅነቷ ጀምሮ ቤት እሠራላታለሁ እንጂ ገበያ ገብታ በልታው አታውቅም። አግዳሚው ላይ ተቀመጥን። ሁለት ሳህን መጣ። እሷ እፍ እያለች ሁለት ሦስት ማንኪያ እስክትቀምስ ጠበቅኩ፤ ከዚያ በላይ ብጠብቅ ወኔዬ እንደሚከዳኝ ስላወቅኩ ጀመርኩ።

ሁሉን ነገርኳት። ዘዴውን ያመጣሁት እኔ እንደሆንኩ፤ እናቷ ከኩሽናው በር ተመልሳ እንደቆመች፤ እኔ እንዳየኋት፤ በእጄ ያደረግኩትን።

ቴያ ማንኪያዋን አስቀመጠች። "እያለቀሰች ነበር?"

"አዎ።"

"እኔን አይታኛለች?"

"ጀርባሽን።"

ሾርባዋን እያየች ቆየች። ቅባቱ ዳር ዳሩን መርጋት ጀመረ። "ለምንድን ነው ሂጂ ያልሻት?"

ለእህቴ የዋሸሁትን ለእሷ መድገም አልቻልኩም። "ለቤቱ ነው እያልኩ ኖሬያለሁ" አልኳት። "ለቤቱም ነበር። ግን አንቺን ፈልጌ ነው። ልጅ አልነበረኝም። እሷ ከሄደች አንቺ ለእኔ ትቀሪያለሽ ብዬ ነው።"

አላለቀሰችም። ብታለቅስ ይቀለኝ ነበር። "ለምን ነገርሽኝ?" አለችኝ። እስካሁን የሚገርመኝ ድምፅዋ ነው፤ ወቀሳ የለበትም፣ ድካም ብቻ። "ሳላውቅ ደህና ነበርኩ።"

ቴያ ተነሳችና ቦርሳዋን አንግታ ወጣች። ልከተላት ብድግ ስል ሳትዞር በእጇ ተይ አለችኝ። ከገበያው በር ጂፕኒ ስትሳፈር ከሩቅ አየኋት። ብቻዋን ተሳፍራ አታውቅም ነበር። የሁለቱን ሳህን ሒሳብ ከፍዬ፣ የእሷንም የእኔንም ሳልነካ ወጣሁ።

ቤት ስደርስ የሮዌና ክፍል በር ተዘግቷል። ሁለቱም ውስጥ ናቸው። ምን እንደተባባሉ አልሰማሁም፤ ለመስማትም አልቀረብኩም። የሰማሁት ለቅሶ ብቻ ነው፤ የማን እንደሆነ ግን መለየት አልቻልኩም። በዚያን ቀን ምሳም እራትም አልወጡም። ዲኖ ሩዝና የተጠበሰ ዓሣ በር ላይ አስቀመጠላቸው። በኋላ ስናየው ሳህኑ ባዶ ነበር።

ሮዌና ወሯ ሲሞላ ተመለሰች። ቴያ ልትሄድ ወስናለች፤ ግን የእሷ ወረቀት እስኪያልቅ ሰባት ወር ፈጀ። ያ ሰባት ወር ከእኔ ጋር ነው የኖረችው። ክፉ ቃል ከአፏ አልወጣም። ሳህን ታጥባለች፣ ቁልፍ ትተክልልኛለች፣ ትምህርቷን ታጠናለች። ከጠረጴዛ ስነሳ ግን አትከተለኝም፤ ቀናም አትልም። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ይህ ፍርሃት እንዲለቃት ለእመቤታችን ሻማ ሳበራ ኖሬያለሁ። ሲለቃት ግን ወጥ ቤት ቆሜ ጨው ይዤ አለቀስኩ።

እሁድ እሁድ ከእናቷ ጋር በስልክ ረጅም ሰዓት ታወራለች። አንድ ቀን ስትስቅ ሰማኋት፤ እንዲህ የምትስቅ ልጅ መሆኗን አላውቅም ነበር።

የሄደችው በየካቲት ነው፣ የጃሮ በዓል ባለፈ በሳምንቱ። ጠዋት ነበር። ዲኖ ሻንጣውን ጂፕኒው ላይ ጫነ፤ ጎረቤት ሁሉ ወጥቶ ሸኛት። አውሮፕላን ማረፊያው በር ላይ ልጆችን ከምታደርሰው የአየር መንገድ ሠራተኛ ጋር ከመግባቷ በፊት ዲኖን አቀፈችው፤ እሱ እንደ ልማዱ ሊቀልድ አፉን ከፈተና ምንም አልወጣለትም። ወደ እኔ ስትመጣ እጄን ይዛ ግንባሯን ታስነካለች ብዬ ጠብቄ ነበር። አንገቴ ሥር ገብታ አቀፈችኝ። ረጅም አልነበረም።

"ናናይ" አለችኝ ጆሮዬ ሥር። "ገና አልተውኩልሽም። ግን እየሞከርኩ ነው።"

እኔም "ጊዜ ውሰጂ፣ የኔ ልጅ" አልኳት። ገባች። በመስታወቱ እስክትታጠፍ ድረስ ትታየኝ ነበር፤ ሁለት ጊዜ ዞራ እጇን አነሳችልን።

አሁን አሥራ ስድስት ዓመቷ ነው። ደህና ናት። በትምህርቷ ጎበዝ ሆናለች፤ ቢጫውን ክፍል በሌላ ቀለም ቀብታዋለች ይላሉ። ትተውልኝ አትተውልኝ ጠይቄያት አላውቅም። በየሁለት ሳምንቱ ትደውላለች፤ ስለ ዲኖ የጉልበት ሕመም ትጠይቃለች፣ ስለ ሰፈሩ ውሾች ትጠይቃለች። አንዳንዴ እያወራን ሮዌና ከኋላ የሆነ ነገር ትላታለች፣ እሷም ትመልሳለች፣ ሁለቱም ይስቃሉ። በጣሊያንኛ ነው። እኔ አንድ ቃል አይገባኝም። ምን አለች ብዬ ስጠይቅ "ምንም አይደል፣ ናናይ፣ ወደኛ ቋንቋ ሲመለስ አያስቅም" ትለኛለች።

እኔም እስቃለሁ። ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ዲኖ ምን አሉ ሲለኝ ደህና ናቸው፣ እየሳቁ ነው እለዋለሁ። ከዚያ ሁለታችንም እንቀመጣለን፤ ሩዙ እስኪበስል።